የሮስ ቢልድ ፋርም፦ የሮቦት ሶፍትዌር በራሱ የሚገነባበት ሥርዓት

ሮስ የሚባለውን የሮቦት ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ አንድ የአፕት (የፕሮግራም መጫኛው) ትእዛዝ ይጽፋል። ትንሽ ቆይቶ የካሜራው፣ የካርታው፣ የሮቦት ክንዱ ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ተጭነው ያገኛቸዋል። ምንም ኮምፓይል አላደረገም፣ ማለትም ኮዱን ማሽን ወደሚያስኬደው ፕሮግራም አልቀየረም። ያን ሥራ ቀድሞ የጨረሰለት ቢልድ ፋርም የሚባለው ሥርዓት ነው። ቢልድ ፋርም ኮድ ከያለበት እየሰበሰበ የሚገነባ፣ የሚሞክር፣ ፈርሞም ለተጠቃሚ የሚያቀርብ የሰርቨሮች ስብስብ ነው።

ስለ ሮስ ሲወራ የሚነሱት ሮቦቶቹ ናቸው። እኔ ግን ሮስን ከአንድ ድርጅት አውጥቶ ለዓለም ያዳረሰው ይህ ከጀርባ ያለው ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ። ጎበዝ ፕሮግራመር ያላቸው ቤተ ሙከራዎች ከሮስ በፊትም ነበሩ። የጎደለው የአንዱን ኮድ ሌላው ማሽን ላይ ያለ ጣጣ የሚያደርስ መንገድ ነበር።

ታሪኩን በአጭሩ እንየው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሮስ የተጀመረው በ2007 ሲሆን፣ ያሳደገው ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ ውስጥ የነበረው ዊሎው ጋራዥ ነው። ድርጅቱ በ2010 ፒአር2 የተባለውን ሮቦቱን ለ11 የምርምር ተቋማት ሰጠ። ያኔ ኮዱም አብሮ ተበተነ። በ2012 ኦፕን ሶርስ ሮቦቲክስ ፋውንዴሽን ተቋቋመና በኋላ ሮስንም ፋርሙንም ተረከበ። በዚያው ሰሞን ካትኪን የተባለው አዲስ የመገንቢያ መሣሪያ መጣ። ከዚያ በፊት ፓኬጆች (እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች) «ስታክ» በሚባል ጥቅል ታስረው አንድ ላይ ይለቀቁ ነበር። ከካትኪን በኋላ እያንዳንዱ ፓኬጅ ለብቻው ሊገነባና ሊለቀቅ ቻለ። በአዲሱ ትውልድ በሮስ 2 ደግሞ አመንት እና ኮልኮን የሚባሉት መሣሪያዎች ቦታውን ይዘዋል።

ችግሩ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ የሮስ ሥሪት በሺህ የሚቆጠሩ ፓኬጆች አሉት። አብዛኞቹ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በፓይተን የተጻፉ ናቸው። ጸሐፊዎቻቸው በየአገሩ የተበተኑ፣ ብዙዎቹም ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። አንዱ ፓኬጅ በሌላው ላይ ይደገፋል፣ ያም በሌላ። በዚያ ላይ ለተራ ኮምፒውተርም፣ እንደ ራስበሪ ፓይ ላሉ አርም የተባለ ፕሮሰሰር ያላቸው ትናንሽ ማሽኖችም መገንባት አለበት። ይህን ሁሉ በእጅ የሚከታተል ሰው የለም።

ሥራው የሚጀምረው ከአንዲት ትንሽ ፋይል ነው። እያንዳንዱ የሮስ ፓኬጅ ፓኬጅ ዶት ኤክስኤምኤል የሚባል ፋይል ይይዛል። ስሙ፣ የሥሪት ቁጥሩ፣ ፈቃዱ፣ ኃላፊው ከነኢሜይሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥገኝነቶቹ (የሚደገፍባቸው ሌሎች ፓኬጆች) እዚያ ተጽፈዋል። ለመገንባት ምን ይፈልጋል? ለመሥራትስ? ለመሞከርስ? ሦስቱ ለየብቻ ይመዘገባሉ። የኃላፊው ኢሜይል ለወግ ያህል የገባ አይደለም። ግንባታው ሲወድቅ ፋርሙ የሚጽፈው ለእሱ ነው።

ጥገኝነቱ የሚጻፈው በወል ስም ነው። ለምሳሌ «አይገን» የተባለውን የሒሳብ ላይብረሪ የሚፈልግ ሰው ይህንኑ ስም ብቻ ይጽፋል። ያ ስም ኡቡንቱ ላይ የትኛው ፓኬጅ እንደሆነ፣ ፌዶራ በሚባለው ሌላ ሊኑክስ ላይ ደግሞ የትኛው እንደሆነ የሚፈታው ሮስዴፕ የሚባል መሣሪያ ነው። የስሞቹ ሰንጠረዥ ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ፣ ሮስዲስትሮ በሚባል ማከማቻ ውስጥ በግልጽ ተቀምጧል። ማንም ሰው ፑል ሪኩዌስት (የለውጥ ጥያቄ) ልኮ ሊጨምርበት ይችላል።

የፓኬጁ ባለቤት አዲስ ሥሪት ሲያወጣ ብሉም የተባለውን መሣሪያ ያስኬዳል። ብሉም ኮዱን ለመልቀቂያ ብቻ ወደተዘጋጀ የጊት ማከማቻ ያስገባል። ኡቡንቱም ለሚጠቀምበት ለዴቢያን ዓይነት ፓኬጅ የሚያስፈልጉ ፋይሎችንም ያመነጫል። ከዚያ ወደ ሮስዲስትሮ ፑል ሪኩዌስት ይከፍታል። ጥያቄው ታይቶ ሲጸድቅ የሰው ሥራ ለጊዜው ያበቃል። ፋርሙ የሥሪት ቁጥሩ እንደተቀየረ ያያል፣ ሥራውንም ይጀምራል።

ፋርሙን የሚያዘው ሥራዎችን በራስ ሰር የሚያስኬደው ጄንኪንስ ነው። ኮሱኬ ካዋጉቺ በሰን ማይክሮሲስተምስ ሳለ ሃድሰን በሚል ስም የጀመረው፣ በ2011 ጄንኪንስ የተባለው ያው ሶፍትዌር። ለእያንዳንዱ ፓኬጅ መጀመሪያ የምንጭ ፓኬጅ ይዘጋጃል፤ ይህ ለአንድ የኡቡንቱ ሥሪት አንዴ ከተሠራ ይበቃል። ቀጥሎ ለየፕሮሰሰሩ ዓይነት የሚጫነው ፓኬጅ ይገነባል። በሺህ የሚቆጠሩትን እነዚህን ሥራዎች ጄንኪንስ ላይ በእጅ የሚሞላ የለም። ሮስ ቢልድፋርም የሚባሉት የፓይተን ስክሪፕቶች ከሮስዲስትሮ አንብበው ራሳቸው ይፈጥሯቸዋል።

እኔ በዚህ ሥርዓት በጣም የምወደው ነገር ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ግንባታ አዲስ በተፈጠረ ዶከር ኮንቴይነር (ከቀረው ማሽን በተለየ ዝግ ክፍል) ውስጥ ይካሄዳል። ኮንቴይነሩ ባዶ ኡቡንቱ ነው። በፓኬጅ ዶት ኤክስኤምኤል የተጻፉት ጥገኝነቶች ብቻ ይጫኑበታል፣ ሌላ ምንም የለም። የራስህ ላፕቶፕ ይዋሽሃል። ከወራት በፊት ለሌላ ሥራ የጫንከው ላይብረሪ እዚያው ስላለ፣ ያልጻፍከው ጥገኝነት እንደተጻፈ ሆኖ ኮድህ ይገነባል። ፋርሙ ላይ ግን ወዲያው ይወድቃል። ጀማሪዎች በዚህ ይናደዳሉ። «እኔ ጋ ይሠራል እኮ!» ይላሉ። ነገር ግን ያ ጉድለት ፋርሙ ላይ ባይያዝ ኖሮ የሚያጋጥመው ተጠቃሚውን ነበር። እሱ ደግሞ ምን እንደጎደለው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የሲ ፕላስ ፕላስ ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። አንድ ላይብረሪ ተቀይሮ እንደገና ሲገነባ፣ በእሱ ላይ ተደግፈው የተገነቡት ፓኬጆች ኮዳቸው ባይነካም ሊበላሹ ይችላሉ። የአንድ ክላስ የማህደረ ትውስታ አቀማመጥ ከተቀየረ፣ ድሮ የተገነባው ፕሮግራም በድሮው አቀማመጥ እያነበበ የማይሆን ቦታ ይደርሳል። ውጤቱ ፕሮግራሙ መሐል ላይ መሞቱ ነው። ከዚህም የሚብሰው ሳይሞት የተሳሳተ ቁጥር ማንበቡ ነው። በድረ ገጽ ላይ ይህ ቢያናድድ ነው። ከባድ ክንድ በሚያንቀሳቅስ ሮቦት ላይ ግን ሰው ይጎዳል።

ስለዚህ ፋርሙ አንድ ፓኬጅ ሲለቀቅ በላዩ የተደገፉትን ሁሉ በቅደም ተከተል እንደገና ይገነባል። ቅደም ተከተሉን የሚያውቀው ከዚያችው ከጥገኝነት ዝርዝር ነው። ብዙ ፓኬጆች መረጃ የሚለዋወጡባቸው መሠረታዊ መልእክቶች ያሉበት ፓኬጅ ከተለቀቀ፣ ከስብስቡ አብዛኛው ክፍል እንደገና ይገነባል። የኮዱ ሥሪት ሳይቀየር ግንባታው ብቻ አዲስ መሆኑ እንዲታወቅ፣ በፓኬጁ የሥሪት ቁጥር መጨረሻ ላይ የኡቡንቱው ስምና ግንባታው የተካሄደበት ቀንና ሰዓት ይታከላል። ሁለት ሮቦቶች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ለምን የተለያየ ነገር እንደሚያደርጉ ግራ የገባው ሰው መጀመሪያ ይህችን ጭራ ቢያይ ይጠቀማል።

የተገነባው ነገር ለተጠቃሚ ቀጥታ አይደርስም። ሦስት ማከማቻዎች አሉ። መጀመሪያ ትኩሱ ሁሉ የሚገባበት የግንባታ ማከማቻ አለ። ከዚያ የሙከራ ማከማቻ፣ በመጨረሻም ሰፊው ሕዝብ የሚጭንበት ዋናው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚታለፈው በራስ ሰር ነው። ግን አስቀድሞ በቅንብሩ የተቀመጠው መስፈርት መሟላት አለበት። የግድ መኖር ያለባቸው ፓኬጆች ወይም ዝቅተኛው የፓኬጅ ብዛት ካልተሟላ ዝውውሩ ይቆማል። ከሙከራ ወደ ዋናው የሚያሳልፈው ግን ሰው ነው። የሥሪቱ ኃላፊ ያስታውቃል፣ ፈቃደኞች በየሮቦታቸው ይሞክራሉ፣ ቀድሞ ይሠራ የነበረ ነገር አለመጥፋቱ ይታያል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ይህን ሁሉ በአንድ ዓይን የሚያሳይ ገጽም አለ። በእያንዳንዱ ፓኬጅ አጠገብ ሦስት ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረው፣ ቀለማቸው ፓኬጁ በየማከማቻው የትኛው ሥሪት ላይ እንዳለ ይናገራል። «አስተካክዬዋለሁ፣ ታዲያ ለምን አልደረሰኝም?» ለሚል ሰው መልሱ ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ከመልቀቂያው ሌላ ፋርሙ ዕለታዊ ሥራዎች አሉት። ኮድ በተቀየረ ቁጥር ሙከራዎችን ያስኬዳል። ፑል ሪኩዌስት ሲከፈት ውጤቱን እዚያው ጊትሀብ ላይ ያሳያል። የኮዱን ሰነድም ያዘጋጃል።

ፓኬጆቹ የሚፈረሙበት ቁልፍ ብዙ ሰው የማያስበው ጉዳይ ነው። አፕት አንድን ማከማቻ የሚያምነው በፊርማው ነው። በ2019 በፋርሙ ላይ የደህንነት ችግር ተገኝቶ ቁልፉ ተቀየረ፣ ተጠቃሚዎችም አዲሱን እንዲያስገቡ ተጠየቁ። በሜይ 2021 መጨረሻ ደግሞ የቁልፉ ጊዜ አለፈና በየአገሩ ያሉ ማሽኖች ማዘመን አቃታቸው። በ2025 ዳግመኛ የማብቂያው ቀን ሲቃረብ የተሻለ ዘዴ ተዘጋጀ፦ ቁልፉና የማከማቻው አድራሻ ራሳቸው ፓኬጅ ሆነው ይጫናሉ፣ በኋላም እንደማንኛውም ፓኬጅ ይዘመናሉ።

የራሱን ፋርም ማቋቋም ለሚፈልግ ድርጅት መንገዱ ክፍት ነው። መሣሪያዎቹ ሁሉ ነፃ ናቸው። ሦስት ዓይነት ማሽን ያስፈልጋል፦ ጄንኪንስ የሚቀመጥበት፣ የተገነቡት ፓኬጆች የሚከማቹበት፣ እና ግንባታውን የሚሠሩት። ማሽኖቹን ለማዘጋጀት ድሮ ፐፔት የተባለው መሣሪያ ነበር የሚያገለግለው፣ በኋላ ሼፍ ተተካ። ሁለት ማከማቻዎችን ወደ ራስ ገልብጦ ማስተካከልም ግድ ነው። አንዱ የፋርሙ ቅንብር ነው። ሌላው የራስ ሮስዲስትሮ ነው፣ የድርጅቱ የግል ፓኬጆች የሚመዘገቡበት።

ከልምድ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ዲስክ ላይ አትቆጥቡ፣ የዶከር ምስሎች ሳይታሰብ ይሞሉታል። ራምም እንዲሁ። በሲ ፕላስ ፕላስ ቴምፕሌት የተሞሉ ፓኬጆች አንዱ ፋይል ብቻ ብዙ ጊጋባይት ሊበላ ይችላል። በአንድ ማሽን ብዙ ግንባታ በአንዴ ካስኬዳችሁ ሊኑክሱ ራሱ ኮምፓይለሩን ይገድለዋል። ስህተቱ ደግሞ የኮድ ስህተት ይመስላል። ለአርም የሚሆነውን በተራ ማሽን ላይ ኪውኢኤምዩ በተባለ አስመሳይ ፕሮግራም መገንባት ይቻላል፣ ግን እጅግ ይዘገያል። አቅሙ ካለ እውነተኛ የአርም ሰርቨር መከራየት ይሻላል።

ሁሉም ሰው ግን ፋርም አያስፈልገውም። ጥቂት ፓኬጆች ያሉት ቡድን ጊትሀብ አክሽንስን (የጊትሀብን በራስ ሰር የማስኬጃ አገልግሎት) ኢንዱስትሪያል ሲአይ ከተባሉት የሮስ ስክሪፕቶች ጋር ቢጠቀም ይበቃዋል። ያም በንጹሕ ኮንቴይነር ውስጥ ይገነባል፣ ይሞክራል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ራስበሪ ፓይ ለሚሠሩ ተማሪዎች ደግሞ የሕዝቡ ፋርም ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ፓይ ላይ ሮስን ከምንጩ መገንባት ሰዓታት ይወስዳል፣ ማህደረ ትውስታውም ላይበቃ ይችላል። የተዘጋጀውን ማውረድ ግን ለአንዴ ዳታ መክፈል ብቻ ነው። ለፓይው የሚመረጠው ባለ64 ቢት ኡቡንቱ መሆን አለበት፣ ሥሪቱም ከሮሱ ጋር መጣጣም አለበት። ሀምብል ለተባለው የሮስ 2 ሥሪት ኡቡንቱ 22.04፣ ጃዚ ለተባለው 24.04።

ሥሪቶች ዕድሜ አላቸው። የሮስ 1 የመጨረሻ ሥሪት የሆነው ኖኤቲክ በሜይ 2020 ወጥቶ በሜይ 2025 ድጋፉ አብቅቷል። ድጋፉ ያበቃ ሥሪት ከዚያ ወዲያ ፋርሙ ላይ አዲስ ነገር አይገነባለትም። የቆዩ ልቀቶች ግን ለብቻው በተዘጋጀ ማከማቻ ውስጥ በየጊዜው እንደነበሩ ተቀምጠዋል። የቆየ ሮቦት ያለው ሰው ሮቦቱ ይሠራበት የነበረውን የዚያን ጊዜውን ስብስብ ከዚያ መጫን ይችላል።