አደይ አበባ ምንድን ነው? ጓሮ ውስጥስ እንዴት ይዘልቃል?

አደይ አበባ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚፈኩ፣ ባይደንስ ከሚባለው ወገን የሆኑ ቢጫ አበቦች የጋራ መጠሪያ ነው። ይበልጥ የሚታወቀው ባይደንስ ማክሮፕቴራ ነው። አንድ አበባ የሚመስለን የብዙ አበቦች ስብስብ ነው፤ ዙሪያውን ያሉት ቢጫ ቅጠሎች ንብ ይጠራሉ፣ ዘር የሚይዙት የመሃሎቹ ጥቃቅኖች ናቸው።

በየመስከረሙ እዚያው ቦታ ስለሚታይ ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ ይመስላል። አብዛኛው ግን የአንድ ክረምት ተክል ነው። ከበጋው ጋር ይደርቃል፤ ለከርሞ የሚመጣው ከረገፈው ዘር ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ሁሉንም ቀጥፎ የጨረሰ ጓሮ በሚቀጥለው ዓመት ባዶውን ሊቀር ይችላል። አምስት ስድስት እግር ሳይነካ ይቅር።

ዘሩ የሚለቀመው የአበባው ራስ ጠቁሮ ሲደርቅና በጣት ሲነኩት ሲበተን ነው፤ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ። ጥላ ውስጥ አድርቆ በወረቀት መያዝ ነው፤ በፌስታል ከታሰረ ይሻግታል።

ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ ሰኔ ውስጥ ሲይዝ ይዘራል። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያገኘው ቦታ ይመረጥ፤ ጥላ ሥር ይመዘዝና ይወድቃል። አፈሩን በሬክ ጫር ጫር አድርጎ መበተን፣ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ አፈር መሸፈን፣ ከዚያ በመዳፍ መጫን ይበቃል። አራት ቅጠል ሲያወጣ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይሳሳል። የተነቀለውን ከነአፈሩ፣ ወደ ማታ ላይ ማዛወር ይቻላል። አብቦ የተነቀለ ግን አይጸድቅም፤ ከመንገድ ዳር ነቅሎ ማምጣት ድካም ብቻ ነው።

ጣና ዳር ያለው የመጀመሪያው ችግር ውሃ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃ የሚያቁር ጓሮ ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ መደቡን 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግና ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ፍግ ማብዛት ነው፦ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ አበባው ያንሳል፣ ነፋስ ይጥለዋል። ቁመቱ አንድ ስንዝር ሲሆን ጫፉን አንድ ጊዜ መቀንጠብ ቅርንጫፍ ያበዛል፤ ነሐሴ ከገባ በኋላ የቀነጠበ ግን እምቡጡን ነው የሚቆርጠው።

ከሁሉ በላይ ቡቃያውን የሚያጠፋው አራሚው ነው። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። መጭ የሚባለው አረም ቅጠል ግን ሙሉና ሻካራ ነው፤ አበባው ቢጫ በመሆኑ ብቻ ብዙዎች አደይ ነው ብለው ይተዉታል፣ እውነተኛውን ይነቅሉታል። ሐምሌ ላይ የሚያርም ሰው ካለ የተዘራበትን ቦታ በእንጨት ምልክት ማድረግ ነው።