ይቅርታና ዕርቅ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ይቅርታ በልብ ተይዞ የሚቀር ጉዳይ አይደለም፤ ሰው ባለበት፣ በአንደበትና በጉልበት የሚፈጸም ነው። መሠረቱ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የሚገኘው ትእዛዝ ነው፦ መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው ካሰበ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ። ስለዚህ የተጣላ ሰው ልቁረብ ሲል የንስሐ አባቱ መጀመሪያ ወደ ባላጋራው ይልኩታል። በቅዳሴም ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተለዋወጡ) ሲል ምእመናን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘወር እያሉ እርስ በርስ እጅ ይነሣሣሉ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል ተረቱ።

ጠቡ ሲከብድ ሽማግሌ ይገባል። በዳዩ ድንጋይ በአንገቱ ወይም በትከሻው ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር ይወድቃል፤ ካህኑ መስቀል ይዘው ይቆማሉ። ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ድንጋዩ ይወርዳል፣ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ። ሥርዓቱ ለነገሥታትም አልቀረም፤ በ1870 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሸዋ ውስጥ ልቼ በተባለው ስፍራ ሲገብሩ ድንጋይ ተሸክመው ነበር። ነፍስ በጠፋ ጊዜ ደግሞ ደም ማድረቅ ይደረጋል፦ ለሟች ወገን ካሳ ይከፈላል፣ ዳግም ደም ላለመፈላለግም ሁለቱም ወገኖች ይማማላሉ።

እዚህ ላይ ሳይባል መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ካህን መስቀል ይዘው፣ ሽማግሌ ቆመው ሲለምኑ እምቢ ማለት ከባድ ነው። በባሏ የተደበደበች ሴት «ለእግዚአብሔር ብለሽ» ተብላ ወደዚያው ቤት የምትመለስበት ጊዜ አለ፤ ይህ በዳዩን ማትረፍ እንጂ ዕርቅ አይደለም። ጴጥሮስን «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» ይቅር እንዲል ያዘዘው ጌታ፣ በዚያው በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ወንድምህ ቢበድልህ ሂድና ውቀሰው ብሏል። ወቀሳው ከተዘለለ ድንጋዩን የሚሸከመው ተበዳዩ ይሆናል።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷም ይህን መንገድ ሄዳበታለች። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በአገር ቤትና በስደት ባሉ አባቶች መካከል የተፈጠረው መለያየት በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ በዕርቅ ተዘጋ። ሁለቱ ወገኖች የተወጋገዙት ውግዘት ተነሣ፣ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በአገር ቤት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን፣ አቡነ መርቆሬዎስ ጸሎቱንና ቡራኬውን ይዘው፣ የሁለቱም ስም በቅዳሴ እንዲጠራ ተወሰነ፤ አቡነ መርቆሬዎስ በየካቲት 2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም ቤተ ክርስቲያኒቱ ሁለት ፓትርያርኮች ነበሯት።