ተቀያሪ የምላጭ ራስ፦ የስለቱ ድጋፍና የውሃው መውጫ ከጅማ አጠቃቀም አንጻር

ተቀያሪ የምላጭ ራስ፣ በተለምዶ ካርትሪጅ የሚባለው፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ስስ ስለቶችን በፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ በተወሰነ ርቀትና አቅጣጫ ይዞ በእጀታ ጫፍ ላይ የሚሰካ፣ ሲደንዝ ወልቆ በሌላ የሚተካ የጺም መላጫ ክፍል ነው። ጥራቱ በዋናነት በሁለት ነገር ይለካል፤ አንደኛው ስለቱ ጸጉር ሲቆርጥ ሳይጎብጥና ሳይርገበገብ ጸንቶ መቆሙ ሲሆን፣ ሁለተኛው የተቆረጠው ጸጉርና የሳሙናው አረፋ ሳያስቸግር ተለቅልቆ መውጣቱ ነው። ሁለቱ ፍላጎቶች ይጋፋሉ። ስለቱን አጥብቆ የሚይዝ ብረትና ፕላስቲክ የውሃውን መንገድ ያጠብባል፤ መንገዱ ሲሰፋ ደግሞ ስለቱ ድጋፍ ያጣል። በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ባለ ብዙ ስለት ራሶች ይህን ግጭት የፈቱት ተጠቃሚው ከቧንቧ በኃይል የሚወርድ ውሃ፣ ቢቻልም ሙቅ ውሃ፣ አጠገቡ እንዳለው ቆጥረው ነው። በሳፋና በጣሳ ውሃ ለሚላጭ ሰው ግን ያው መፍትሔ አይበቃም።

ጺም መላጨት በጅማ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጅማ ጺም የሚላጨው በጸጉር ቤትም በመኖሪያ ቤትም ነው። በፈረንጅ አራዳም ሆነ በመርካቶ ዙሪያ ባሉ ጸጉር ቤቶች ዋናው መሣሪያ ቶንዶስ ቢሆንም፣ የጺሙን ዳርና የማጅራቱን መስመር ለማጥራት አስተካካዩ የሚያነሳው ግማሽ ምላጭ ነው። ባለ ሁለት አፉን ምላጭ ከነወረቀቱ በቁመቱ አጥፎ ለሁለት ይሰብረዋል፤ ግማሹን በታጣፊው መያዣ ውስጥ ሸጉጦ ይቆልፍበታል፤ ሲላጭም ስለቱ ላይ የሚጠራቀመውን አረፋና ጸጉር በሶፍት ይጠርጋል። ይህ አሠራር ሁለቱንም ጥያቄ በቀላሉ ይመልሳል። ምላጩ ከጠርዙ ጥቂት ብቻ ወጥቶ በሁለት ብረቶች መካከል በሙሉ ርዝመቱ ስለሚጨበጥ ድጋፉ ጠንካራ ነው፤ በስለት መካከል የሚደፈን ክፍተትም የለውም። የሚጠይቀው የሠለጠነ እጅ ነው።

በቤቱ የሚላጭ ሰው ያ እጅ ስለሌለው መከላከያ ያለውን መላጫ ይመርጣል፤ ከሱቅ የሚገዛውም በአብዛኛው ባለ ሁለት ስለት የሚጣል መላጫ ወይም ተቀያሪ ራስ ያለው ነው። ቧንቧው ውሃ በማይሰጥበት ሰዓት፣ ወይም ቧንቧው ግቢ ውስጥ እንጂ ቤት ውስጥ በማይሆንበት ቤት፣ መላጫው የሚለቀለቀው በሳፋ ውስጥ በመናጥ ወይም ከጆግ ውሃ በማፍሰስ ነው። የሚላጨው በየቀኑ ካልሆነ፣ ለጁምዓ ሶላት ወይም ለእሑድ ቅዳሴ ሲዘጋጅ ብቻ ከሆነ፣ ጸጉሩም ረዝሞ ይጠብቀዋል። እነዚህ ሁለት ሁኔታዎች፣ ማለትም ደካማው የውሃ ኃይልና የረዘመው ጸጉር፣ ለንድፉ ወሳኝ ናቸው።

ማለቅለቅ ከጀርም ማጽዳት ጋር መምታታት የለበትም። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ሕይወቱን ሊያቆይ ይችላል፤ ተቀያሪ ራስ ደግሞ እጅና ብሩሽ የማይደርሱባቸው ስንጥቆች አሉት። ስለዚህ ምንም ያህል በቀላሉ የሚለቀለቅ ቢሆን የምላጩ ራስ የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወንድም ለወንድም፣ ባል ለሚስት ሊያውሰው አይገባም። በጸጉር ቤት ለየደንበኛው አዲስ ግማሽ ምላጭ መከፈቱም ሊቀር የማይገባ ጥንቃቄ ነው።

አጭር ታሪክ

የሚጣል ስስ ምላጭ ያለው መላጫ የተስፋፋው በአሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ሐሳብና በመሐንዲሱ በዊሊያም ኒከርሰን የማምረቻ ሥራ ነው። ሽያጩ እ.ኤ.አ. በ1903 ሲጀመር በዓመቱ የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በ1904 ነው። በዚያ ንድፍ ስሱ ምላጭ በክዳኑና በመሠረቱ መካከል ተጨብጦ በመጠኑ እንዲጎብጥ መደረጉ ጥንካሬ ይሰጠዋል። የጂሌት ኩባንያ ባለ ሁለት ስለት ተቀያሪ ራስ፣ ትራክ ቱ፣ በ1971 ወጣ፤ በ1977 በእጀታው ላይ የሚወዛወዝ ራስ፣ በ1990 ደግሞ እያንዳንዱ ስለት በየራሱ ሞላ ላይ የተቀመጠበት ሴንሰር ተከተለ። ከዚያ በኋላ ውድድሩ ወደ ቁጥር ዞረ፤ በ1998 ሦስት ስለት ያለው ማክ 3፣ በ2003 አራት ስለት ያለው የተወዳዳሪው ኩባንያ የሺክ ኳትሮ፣ በ2006 አምስት ስለት ያለው ፊውዥን ለገበያ ቀረቡ።

ስለቱ ለምን ድጋፍ ይፈልጋል

የምላጭ ብረት 13 በመቶ ያህል ክሮሚየም ያለው፣ በሙቀት የጠነከረ የማይዝግ ብረት ነው። ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን የጺም ጸጉርም ውፍረት ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። መሣሪያው ከሚቆርጠው ነገር ብዙም ያልወፈረ በመሆኑ፣ ብረቱ ከጸጉሩ ብዙ እጥፍ ቢጠነክርም እንኳ በራሱ መቆም አይችልም።

እዚህ ላይ ወሳኙ ልኬት ስለቱ ከደጋፊው አልፎ ያለ ድጋፍ የሚወጣበት ርዝመት ነው። በአንድ በኩል ብቻ የተያዘ ስስ ብረት ጫፉ ላይ ኃይል ሲያርፍበት የሚጎብጠው መጠን ከወጣው ርዝመት ኩብ (ርዝመቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ከሚገኘው) ጋር ያድጋል፣ ከውፍረቱ ኩብ ጋር ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ያለ ድጋፍ የወጣው ክፍል በግማሽ ቢያጥር ጉብጠቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ በአንጻሩ የብረቱ ውፍረት ከ0.1 ወደ 0.08 ሚሊ ሜትር ቢሳሳ ጉብጠቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። አምራቾች ቀጭን ስለት ሲጠቀሙ ደጋፊውን ወደ ስለቱ ጫፍ የሚያስጠጉት በዚህ ምክንያት ነው። ድጋፉ ሲላላ ስለቱ ጸጉሩን ሲገፋ ይጎብጣል፣ ጸጉሩ ሲቆረጥ ይመለሳል፣ ቀጣዩን ጸጉር ደግሞ በተለወጠ አንግል ያገኘዋል። ተጠቃሚው ይህን የሚያውቀው በመቧጨሩና ጸጉሩን ሳይቆርጥ በመጎተቱ ነው።

ድጋፍ የመስጫው መንገድ በጊዜ ተለውጧል። በመጀመሪያዎቹ ባለ ሁለት ስለት ራሶች ሁለቱ ምላጮች በመካከላቸው የብረት ማራራቂያ ገብቶ እንደ ሳንዱዊች ተደራርበው ይታሰሩ ነበር። አያያዙ ጽኑ ነበር፤ ይሁን እንጂ ማራራቂያው በስለቶቹ መካከል ያለውን ቦታ አብዛኛውን ስለሚይዝ የገባው ጸጉር በገባበት ከመመለስ ሌላ መውጫ አልነበረውም። የኋለኞቹ ራሶች ስሱን ስለት በክርን ቅርጽ በታጠፈ፣ ከስለቱ በሚወፍር ደጋፊ ብረት ላይ በሌዘር ነጥብ በነጥብ በየዱት። ደጋፊው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ከፊት እስከ ኋላ የሚያልፍ መንገድ ተገኘ። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ዓይን፣ ድጋፍንና ማለቅለቅን ከማስታረቅ አንጻር ትልቁ እርምጃ ይህ እንጂ የስለቶቹ ቁጥር መጨመር አይደለም። ሦስተኛው መንገድ ስለቱንና ደጋፊውን ከአንድ ብረት አጥፎ መሥራት ነው። ተደራቢ ብረት ስለሌለ ቦታ ይተርፋል፤ ሆኖም የጠነከረ ብረት ሲታጠፍ ስለሚሰነጠቅ መታጠፊያውን ብቻ በሙቀት ማለስለስ ያስፈልጋል፣ ይህም ማምረቱን ያከብደዋል።

በሞላ ላይ የሚቀመጡ ስለቶች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ሞላው ስለቱ ከመጠን በላይ ሲጫን ወደ ኋላ እንዲል በማድረግ ቆዳን ያድናል፤ ነገር ግን ከሞላው ሥር የገባ ጸጉርና የደረቀ ሳሙና ስለቱ ወደ ቦታው እንዳይመለስ ያግደዋል። በደንብ ያልተለቀለቀ ራስ የድጋፍ ችግርም የሚያመጣው በዚህ ነው።

የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ ከምላጭ ብረት 50 ጊዜ ያህል የሚለሰልስ ጸጉር ስለቱን እንዴት እንደሚጎዳ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳይቷል። ስለቱ ቀስ በቀስ ከመበላት ባሻገር፣ ጸጉሩ ጎብጦ በሚነካበት ቦታ ስለቱ ወደ ጎን ሲገፋና በዚያው ቦታ የብረቱ ውስጣዊ ቅንጣቶች ወጥ ሳይሆኑ ሲቀሩ ጠርዙ ይሸረፋል። ጸጉሩን በውሃ ማለስለስ የስለቱን ዕድሜም የሚነካው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፊትን በሳሙና ካራሱ በኋላ 2 ወይም 3 ደቂቃ መታገሥ ለቆዳውም ለምላጩም ይበጃል።

ጸጉሩና አረፋው በምን ይወጣሉ

ጺም በቀን 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። በየቀኑ የሚላጭ ሰው የሚቆርጠው ጸጉር በስለቶች መካከል ካለው ክፍተት ስለሚያጥር ከአረፋው ጋር ያልፋል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚላጭ ሰው ጸጉር ግን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ባለ አምስት ስለት ራስ በስለቶቹ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ባለ ሦስቱ ደግሞ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ስላላቸው፣ የሳምንት ጸጉር ተጋድሞ ክፍተቱን እንደ ድልድይ ያያይዛል፤ በላዩ ሌላው ይጠላለፍበትና ሳሙና ሞልቶት ይደፈናል።

የውሃው ኃይል በሁለተኛ ደረጃ ይመጣል። ውሃ በጠባብ ክፍተት ውስጥ በገጽ ውጥረቱ፣ ማለትም ገጹ እንደ ተወጠረ ስስ ሽፋን በሚይዝበት ኃይል፣ ተይዞ ይቀራል፤ ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚይዘው ግፊት 144 ፓስካል ገደማ ነው፣ ክፍተቱ በግማሽ ሲጠብ በእጥፍ ይጨምራል። ሳሙና ይህን ውጥረት ይቀንሳል፣ ግን በምትኩ ዝልግልግ አረፋ ያስቀራል። መላጫውን በሳፋ ውስጥ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ፍጥነት የሚንጥ ሰው የሚፈጥረው ግፊት 125 ፓስካል ያህል ነው፤ በሰከንድ 2 ሜትር የሚወርድ የቧንቧ ውሃ ግን 2,000 ፓስካል ይደርሳል። ልዩነቱ 16 እጥፍ ነው። በቧንቧ ሥር በደህና የሚጸዳ ራስ በሳፋ ውስጥ ተደፍኖ የሚቀረው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ሰው የምላጩን ራስ ከሳፋው ጠርዝ ጋር ያንኳኳል፣ ወይም በፎጣ ይጠርጋል፤ ማንኳኳቱ ስለቶቹን ከአሰላለፋቸው ያናጋል፣ ፎጣውም ስለቱ ላይ ያለውን ስስ የቴፍሎን ሽፋን ይጎዳል።

ጥሩ መውጫ ያለው ራስ ጥቂት መለያዎች አሉት። ጀርባው ክፍት ነው፤ የምላጩን ራስ ወደ ብርሃን አንስቶ በስለቶቹ መካከል ለሚመለከት ሰው ወዲያ ማዶ ይታየዋል። መንገዱ በስለቱ በኩል ጠበብ፣ በጀርባው በኩል ሰፋ ይላል፤ በፊት የገባ ጸጉር ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ቦታ እያገኘ ይሄዳል እንጂ አይቀረቀርም። ስለቶቹን የሚሸከሙት የፕላስቲክ ዘንጎች ጥቂትና ጠርዛቸው የተድበለበለ ነው፤ ባለ ማዕዘን ዘንግ ጸጉር ይይዛል። እጀታው የሚሰካበት ክፍልም የኋላውን መስኮት መሸፈን የለበትም፤ ብዙ ንድፎች የሚሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ክፍተትን ያለ ገደብ ማስፋት ግን አይቻልም። ስለቶቹ ሲራራቁ ቆዳው በመካከላቸው ያብጥና ይቆረጣል፤ ክፍተቱ የጠበበው ስለቶቹ ሲበዙ መሆኑም በዚህ ይገለጻል። ይሁንና ለጥምዝ ጸጉር ባለ ብዙ ስለት ራስ የተለየ ችግር አለው። የፊተኛው ስለት ጸጉሩን ጎትቶ የኋለኛው ከቆዳ በታች ስለሚቆርጠው፣ ጥምዙ ጸጉር ሲያድግ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባል፤ አንገትና አገጭ ላይ የሚወጣው የሚያሳክክ ሽፍታ ከዚህ ይመነጫል። በዚህ ችግር ለሚቸገሩ ሰዎች የቆዳ ሐኪሞች ባለ አንድ ስለት መላጫ ወይም ጸጉሩን ጥቂት የሚያስቀር ቶንዶስ ይመክራሉ።

ለጅማ የሚስማማ ንድፍ

ከላይ ያለው ሁሉ ተደምሮ የሚያመለክተው ከሁለት ያልበለጡ ስለቶች፣ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ያልጠበበ ክፍተት፣ እስከ ስለቱ ጫፍ የቀረበ የብየዳ ድጋፍና ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ጀርባ ያለውን ራስ ነው። የቆዳውን ማበጥ የሚቆጣጠረው ከስለቱ ፊት ያለው መከላከያ ጠርዝ በጥንቃቄ ሲለካ ነው። የአየሩ እርጥበትም መታሰብ አለበት። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ በመሆኗ በክረምት መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተተወ ራስ ቶሎ አይደርቅም፤ የማይዝግ የሚባለው ብረትም በሳሙና ቅሪት ሥር ረጥቦ ሲቆይ ነጥብ ነጥብ ዝገት ይይዘዋል። በሚገባ የሚለቀለቅ ራስ ቶሎም ይደርቃል።

በሺህ ቁጥር ለማምረት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ ትክክለኛነት ያለው የፕላስቲክ ሞልድና የሌዘር ብየዳ ስለሚጠይቅ ሥራው ውድ ነው። ንድፉን መሞከር ግን ያን ያህል አይከብድም፤ በኪቶ ፉርዲሳ የሚገኘው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ዓይነት ቦታ ላሉ ተመራቂ ተማሪዎች ተገቢ ርዕስ ነው። በሦስት አውታር አታሚ (3D ፕሪንተር) አምስት እጥፍ የጎላ አምሳያ ሠርቶ ቀለም በተቀላቀለበት ውሃ መንገዱን ማየት ይቻላል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግን የውሃ ገጽ ውጥረት ከመጠኑ ጋር አብሮ የማያድግ መሆኑን ነው፤ በጎላው አምሳያ ውሃውን የሚይዘው ግፊት በአምስት እጥፍ ስለሚያንስ አምሳያው ከእውነተኛው ራስ የተሻለ የሚጸዳ ይመስላል። የመጨረሻው ፈተና ስለዚህ በትክክለኛው መጠን መሆን አለበት፦ ደረቁን ራስ በላቦራቶሪ ሚዛን መዝኖ፣ የሳምንት ጺም ባለው ሰው ካስላጩ በኋላ፣ 1 ሊትር ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ በእኩል ቁጥር ንጦ፣ አድርቆ እንደገና መመዘን። በሁለቱ ሚዛኖች መካከል ያለው ልዩነት በራሱ ውስጥ የቀረው ጸጉርና ሳሙና ነው፤ ንድፎችም በዚህ ልዩነት ይወዳደራሉ።