የኮከብ ብርሃንና የዩኒቨርስ ዕድሜ፦ ቡና ላይ የሰማኋቸው ስህተቶች

ኅዳር ላይ ነው። ደሴ መብራት ጠፍቶ ጋቢ ተከናንበን በረንዳ ላይ ቡና እንጠጣለን። የጦሳ ተራራ ጥላ ሆኗል፣ ሰማዩ ደግሞ በከዋክብት ጢም ብሏል። «የሩቅ ኮከብ ብርሃን የዩኒቨርስን ዕድሜ ይናገራል የሚሉት ግምት አይደለም ወይ?» አለ የአጎቴ ልጅ። ጥያቄው ጥሩ ነው። የተከተለው ወሬ ግን ጉድ ነበር።

«የብርሃን ዓመት ዘመን ነው»
አይደለም፣ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው፤ 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ኮምቦልቻ ስንት ነው ስንባል እኛም በደቂቃ እንመልስ የለ?

«የምናያቸው ከዋክብት ሁሉ ሞተዋል»
ለፌስቡክ ግጥም ይሆናል። በዓይን የሚታዩት ከጥቂት ሺህ የብርሃን ዓመት እምብዛም አያልፉም፣ ኮከብ ግን ሚሊዮንና ቢሊዮን ዓመታት ይኖራል። አብዛኞቹ አሉ።

«ብርሃን ድሮ ይፈጥን ከነበረስ? ማን ሄዶ አየ?»
እዚህ ላይ ስኒውን ቁጭ አደረገ። እውነትም ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በአንዲት ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ አንድ ኮከብ ሲፈነዳ ታየ፤ ርቀቱ 168 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። በፍንዳታው ኮባልት-56 የሚባል ንጥረ ነገር ተፈጠረ። ይሄ ነገር እዚህ ምድር ላይ በ77 ቀን ግማሹ ያልቃል፣ የፍንዳታው ብርሃንም ለወራት የደበዘዘው ይህንኑ ልክ ተከትሎ ነው። ብርሃን ያኔ እየበረረ ተነስቶ መንገድ ላይ ፍጥነቱ ቀንሶ ቢሆን ኖሮ፣ ያ መደብዘዝ እንደተጎተተ ፊልም ዘግይቶ ይታየን ነበር። አልዘገየም።

«የዩኒቨርስ ዕድሜ የሚባለው 13.8 ቢሊዮን ዓመት የመጣው ከኮከብ ርቀት ብቻ ነው»
የብርሃን ጉዞ የሚነግረን ትንሹን ዕድሜ ብቻ ነው። ወደ ሰሜን ከፍ ብላ እንደ ጉም ቁራጭ የምትታየው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ትርቃለች፤ ያየነው ብርሃን የተነሳው፣ ከኛ ቁልቁል አፋር ውስጥ የተገኘችው ድንቅነሽ ከሞተች ከብዙ መቶ ሺህ ዓመታት በኋላ ነው። ዩኒቨርስ ቢያንስ ያን ያህል ኖሯል ማለት ነው፣ በቃ። 13.8 የወጣው በዋናነት ሰማዩን ከሞላው፣ ከዩኒቨርስ ልጅነት ከተረፈው ጥንታዊ የማይክሮዌቭ ጨረር ነው። የአሮጌ ከዋክብት ክምችቶችም በራሳቸው መንገድ ሲለኩ ወደዚያው ይጠጋሉ።

«ሳይንቲስቶች ተስማምተው ጨርሰዋል»
ኧረ የት! የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል ዩኒቨርስ የሚሰፋበትን ፍጥነት መጀመሪያ ሲለካ፣ ከዚያ የሚሰላው ዕድሜ 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ይወጣ ነበር፤ ከምድር አለቶች ያነሰ፣ ማለትም ልጅ ከእናቱ የሚበልጥበት ሂሳብ። ርቀቶቹ አንሰው ተለክተው ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መታረም ጀመሩ። ዛሬም ዩኒቨርስ የሚሰፋበት ፍጥነት፣ ለየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት፣ በሰከንድ 67 ኪሎ ሜትር ነው ወይስ 73 እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ግን ጭቅጭቁ ዕድሜውን አንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ ቢያንገዳግደው ነው፣ ወደ ጥቂት ሺህ ዓመታት አያወርደውም።

«እስቲ አንድሮሜዳን እንደገና አሳየኝ» አለኝ። ጣቴን ሳነሳ መብራት መጣ። ሰፈሩ በጩኸት ተቀበለው፣ እሷም ጠፋች።