አውቶማቲክ የአኳሪየም ውሃ ማሟያ ምንድን ነው?

በትነት የጎደለውን ውሃ፣ የጎደለውን ያህል ብቻ፣ የሚተካ መሣሪያ ነው። የውሃውን ከፍታ የሚለይ ሴንሰር፣ ትንሽ ፓምፕ፣ አንድ ቱቦና የውሃ ማጠራቀሚያ አለው። አገጣጠሙ አብሮት በሚመጣው ወረቀት ላይ ስላለ አልደግመውም። የሚያናድደኝ፣ ይህ መሣሪያ ውሃ ይቀይርልኛል ብሎ የሚያምን ሰው መብዛቱ ነው።

አንዱ እንዲህ ሲል ተከራከረ፦ ባለ 100 ሊትሩ አኳሪየሜ ውስጥ በየቀኑ 2 ሊትር አዲስ ውሃ ይገባል፤ በወር 60 ሊትር ማለት ነው፤ ታዲያ ባልዲ እየተሸከምኩ ውሃ የምቀይረው ለምንድን ነው? ማባዛቱ ልክ ነው። ግን የገባውን ሲቆጥር የወጣው ምን እንደሆነ አልጠየቀም። የወጣው ተን ነው። ጨው፣ ናይትሬት (ከዓሣ እዳሪና ከተረፈ ምግብ የሚመጣ ብክለት)፣ ካልሲየም ከተን ጋር አይሄዱም፤ እዚያው ይቀራሉ።

እሳት ላይ የቆየ ሾርባን ያስቡ። ውሃው ሲተን ጨው ይበዛበታል፤ ንጹህ ውሃ ሲጨመርበት ወደ ቀድሞው ጣዕሙ ይመለሳል። ከዚያ አያልፍም። መጀመሪያውኑ ጨው በዝቶበት ከነበረ፣ በትነት የሄደውን መተካት አያድነውም፤ ከሾርባው ቀድቶ ማውጣትና በምትኩ ውሃ መጨመር ያስፈልጋል። ውሃ መቀየር ይህ ነው። በሊትር 40 ሚሊ ግራም ናይትሬት ካለበት አኳሪየም ሩቡ ወጥቶ ናይትሬት በሌለው ውሃ ቢተካ ልኬቱ 30 ይሆናል። ማሟያው ወር ሙሉ ቢሠራ 40ው 40 ነው። እንዲያውም ይጨምራል፤ ሾርባው ውስጥ እየበላ የሚጸዳዳ ነዋሪ የለም፣ አኳሪየሙ ውስጥ ግን አለ።

የሁለተኛው ስሕተት ባለቤቶች የባሕር ዓሣ የሚያረቡ ናቸው። ገንዳው ጨዋማ ስለሆነ ማጠራቀሚያውንም በጨው ውሃ ይሞሉታል። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። በቀን 2 ሊትር እንዲህ ያለ ውሃ ማለት 70 ግራም ጨው ነው፤ በ10 ቀን 700 ግራም። 100 ሊትሩ ገንዳ ከ35 ወደ 42 ይደርሳል፤ ኮራሎች ይህን የሚታገሡት አይደሉም። ማጠራቀሚያው የሚፈልገው ከማዕድን የተጣራ ውሃ ነው።

ጨው የለብኝም ብሎ የሚጽናናው የወንዝ ዓሣ አርቢም ከነገሩ አላመለጠም። የቧንቧ ውሃ ብዙ ጊዜ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይይዛል። ውሃው ይተናል፣ ማዕድኑ ይቀራል፣ ማሟያው ሌላ ማዕድን ይዞ ይመጣል። ውሃ ካልተቀየረ ጥንካሬው፣ ማለትም የያዘው የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን፣ እየጨመረ ይሄዳል። ክሎሪኑም ማጠራቀሚያው ውስጥ ሳለ መወገድ አለበት።

ማንም ባይጠይቀኝም የሚከተለውን ሳልናገር አላልፍም። ድስቱ፣ ማለትም ገንዳው፣ ቢያፈስስ? በቀዳዳው የሚወጣው ተን አይደለም፤ ጨውም አብሮ ይወጣል። መሣሪያው ግን ልዩነቱን አያውቅም፤ ከፍታው ዝቅ አለ፣ ስለዚህ ንጹህ ውሃ ይጨምራል። ገንዳው ሙሉ ይመስላል፣ ጨዋማነቱ ግን በየቀኑ ይወርዳል። ስለዚህ ማጠራቀሚያው ከወትሮው ቶሎ ማለቅ ከጀመረ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፍሳሽ ነው። በውሃ መቀየሪያ ቀን ማሟያውን ሳያጠፉ የሚቀዱ ሰዎችም ይህንኑ ፍሳሽ በእጃቸው ይፈጥራሉ።

ከሥር የማጣሪያ ገንዳ ላለው አኳሪየም የሴንሰሩ ቦታ ውሃውን ወደ ላይ የሚመልሰው ፓምፕ ያለበት ክፍል ነው፤ ትነት ከፍታውን የሚቀንሰው እዚያ ነው። ይህም የራሱ ጣጣ አለው። ከላይ ወደ ታች የሚያወርደው ቱቦ ቢደፈን ታች ይጎድላል፣ ሴንሰሩም ውሃ ጨምር ይላል፤ ላይኛው ገንዳ ደግሞ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ማጠራቀሚያው ትልቅ በሆነ ቁጥር ይሻላል የሚለውን ምክር አልቀበልም። ያለው ውሃ በሙሉ ቢገባ እንኳ ገንዳው የሚችለው መጠን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ለምቾት ሲባል የተገዛ አደጋ ነው። የቱቦውም ጫፍ ከውሃው በላይ ይሁን፤ ማጠራቀሚያውም ከቱቦው ጫፍ በታች ይቀመጥ። ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ፓምፑ ከቆመ በኋላም ውሃው በስበት መውረዱን ሊቀጥል ይችላል።

ሴንሰር ሆኖ የሚያገለግለውን ተንሳፋፊ ማብሪያ ቀንድ አውጣ ወይም የደረቀ ጨው ሊይዘው ስለሚችል፣ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ሁለተኛ ሴንሰር መጨመር ጥሩ ነው። ለኮራል ብለው ማጠራቀሚያው ውስጥ የኖራ ውሃ ለሚጠቀሙ ግን ግዴታ ነው፤ የዚያ ውሃ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ከ12 በላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ ማብሪያው ተይዞ ፓምፑ ሌሊቱን ከሠራ ጠዋት የሚተርፍ ዓሣ ላይኖር ይችላል።