የጎንደርን መረጃ በፓይተን ማንበብ፦ ኤክስኤምኤል፣ ፊደልና ባሕረ ሐሳብ

ኤክስኤምኤል በአንድ ጽሑፍ ውስጥ የቱ ስም፣ የቱ ቦታ፣ የቱ ቀን እንደሆነ በመክፈቻና በመዝጊያ መለያዎች የሚያመለክት የመረጃ አቀማመጥ ሥርዓት ነው። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር ከቀዳሚው ከኤስጂኤምኤል አቅልሎ እ.ኤ.አ. በ1998 አጸደቀው። እንዲህ ያለውን ፋይል እንደ ፓይተን ባለ የስክሪፕት ቋንቋ ማንበብና መለወጥ በጥቂት መስመሮች የሚጀመር ሥራ ነው። ጎንደር ላይ ተቀምጦ የሚማር ሰው ግን በውጭ አገር መማሪያዎች የማይነሳ ጣጣ ይጠብቀዋል፤ ፊደሉ፣ ቁጥሩና የዘመን አቆጣጠሩ።

መለማመጃ የሚሆን መረጃ በከተማዋ ሞልቷል። ጎንደር አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ዘመን ከቆረቆሯት ወዲህ የብራና መጻሕፍት መጻፊያና ማከማቻ ሆና ኖራለች። አፄ ቴዎድሮስ ከአብያተ ክርስቲያናቷ ሰብስበው መቅደላ ካከማቿቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ፣ የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከወሰዳቸው ወደ 350 የሚጠጉ ጥራዞች መካከል ሆነው ዛሬ ለንደን ይገኛሉ። ብራናው ባይመለስም መግለጫው በኤክስኤምኤል ሊነበብ ይችላል። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ቤተ መጻሕፍት የተባለ ፕሮጀክት የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት ቲኢአይ በሚባለው የኤክስኤምኤል መመሪያ እየገለጸ ፋይሎቹን ለማንም ክፍት አድርጓል። ለቤት ሥራ ከዚህ የተሻለ ነገር ያለ አይመስለኝም። ካርታ የሚቀናው ደግሞ ኦፕንስትሪትማፕ ከተባለው የኢንተርኔት ካርታ የፒያሳን ወይም የአዘዞን አካባቢ ቆርጦ ቢያወርድ የሚደርሰው ያው ኤክስኤምኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ በተጀመረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ጤና ነክ ጥናት የሚሠራ ሰውም ሳያውቀው ከዚሁ ሥርዓት ጋር ይኖራል፤ ኦዲኬ በተባለው የስልክ መጠይቅ የተሞላ ቅጽ የሚላከው በኤክስኤምኤል ነውና።

ቀደም ሲል ለዚህ ሥራ ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ፐርል የተባለ የስክሪፕት ቋንቋ ይዘወተር ነበር። ዛሬ ጀማሪ የሚመራው ወደ ፓይተን ነው። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ኤለመንትትሪ የተባለው ላይብረሪ (ዝግጁ የትእዛዞች ስብስብ) እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የቋንቋው አካል ነው፤ ፋይሉን የሚያነብለት ጄምስ ክላርክ የጀመረው ኤክስፓት የተባለ ፕሮግራም ነው። ከእርሱ ሌላ ለብቻው የሚጫን ኤልኤክስኤምኤል የሚባል ላይብረሪ አለ። የሁለቱ ልዩነት ለአማርኛ ጸሐፊ ቀላል አይደለም። ይህን ምሳሌ እንመልከት፦

<ማስታወሻ>በንጉሥ <ስም>ፋሲለደስ</ስም> ዘመን ተጻፈ</ማስታወሻ>

ይህ ትክክለኛ ኤክስኤምኤል ነው። ኤለመንትትሪ ግን ገና ከመጀመሪያው መለያ ላይ ስሕተት ነው ብሎ ይቆማል። ምክንያቱ የዘመን መተላለፍ ነው፦ የኤክስኤምኤል ደንብ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ በመለያ ስም ውስጥ የሚፈቀዱትን ፊደላት ለዓለም ፊደላት ቁጥር ከሚሰጠው ሥርዓት፣ በጊዜው ከነበረው ከዩኒኮድ ሁለተኛ እትም፣ ወሰደ፤ የእኛ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። በመለያዎቹ መካከል አማርኛ መጻፍ ችግር አልነበረውም፤ ለመለያው አማርኛ ስም ማውጣት ግን ክልክል ሆኖ ቆየ። ደንቡ የላላው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው አምስተኛ እትም ሲሆን፣ የላላው ደግሞ አራት ነጥብን እንኳ በመለያ ስም ውስጥ እስከመፍቀድ ድረስ ነው። ኤክስፓት ዛሬም የሚከተለው አራተኛውን እትም ነው፤ ኤልኤክስኤምኤል ግን አምስተኛውን ስለሚቀበል ከላይ ያለውን መስመር ያለ ቅሬታ ያነበዋል። አማርኛ መለያ የሚፈልግ ሁለተኛውን ይጫን፤ ከሌላ ሰው ጋር ፋይል የሚለዋወጥ ግን መለያውን በላቲን ፊደል ቢያደርገው ከብዙ ንትርክ ይድናል።

ያው መስመር ሌላም ነገር ያስተምራል። ጀማሪ የማስታወሻውን ጽሑፍ ስጠኝ ብሎ ሲያዝ የሚደርሰው «በንጉሥ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። «ፋሲለደስ» የስም መለያው ይዘት ነው፤ «ዘመን ተጻፈ» የሚለው ደግሞ፣ ለብዙዎች እንግዳ በሆነ አሠራር፣ ከስም መለያው ኋላ እንደ ጅራት ተቀጥሎ ይቀመጣል። ለሰንጠረዥ መሰል መረጃ ይህ ምንም አይጎዳም። በኅዳጉ ላይ ስጦታና ውርስ ለተመዘገበበት የብራና መጽሐፍ ግን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ያስጠፋል። መፍትሔው በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ በቅደም ተከተል የሚለቅመውን ትእዛዝ መጠቀም ነው። የቲኢአይ ፋይሎችን የሚከፍት ሰው ደግሞ የስም ክልል የሚባለውን፣ መለያው የየትኛው መመሪያ እንደሆነ የሚናገረውን አድራሻ፣ ይወቅ፤ የመለያውን ስም ከነክልሉ ካልጠራ ፕሮግራሙ ባዶ ዝርዝር ይመልስለታል እንጂ ተሳስተሃል አይለውም።

አንብቦ አስተካክሎ ማስቀመጥ ሲመጣ የሚያስደነግጠው ይህ ነው፦ ኤለመንትትሪ ካልተነገረው በስተቀር ፋይሉን የሚጽፈው የእንግሊዝኛን ፊደላት ብቻ በሚያውቀው በአስኪ ነው። ስለዚህ «ጎንደር» ተብሎ የገባው ቃል ፋይሉ በተራ ጽሑፍ ማረሚያ ሲከፈት &#4878;&#4757;&#4848;&#4653; ሆኖ ይታያል። መረጃው አልጠፋም፤ አራቱ ቁጥሮች የአራቱ ፊደላት የዩኒኮድ ቁጥሮች ናቸው፤ ማንኛውም አንባቢ ፕሮግራም መልሶ ፊደል ያደርጋቸዋል። ሲያስቀምጡ የዩኒኮድን ፊደላት ሁሉ የሚጽፈውን ዩቲኤፍ-8ን መጥቀስ ይበቃል። ሲያነቡም ፋይሉን ራስ ከፍቶ ጽሑፉን ከማቀበል ይልቅ የፋይሉን ስም ለአንባቢው መስጠት ይሻላል፤ አንዳንድ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በራሳቸው ልማድ ሲከፍቱት አማርኛው ይበላሻልና።

የግእዝ ቁጥር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ፓይተን ፩ አኀዝ ነውን ተብሎ ሲጠየቅ አዎ ይላል፤ ወደ ሙሉ ቁጥር ለውጠው ሲባል ግን እምቢ ይላል። ፲፯ን በራሱ 17 አያደርግም፤ ፫፻ም ሦስት ጊዜ መቶ መሆኑን አያውቅም። አባዝቶ የሚደምር አጭር ተግባር ራስ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ለተማሪ ጥሩ ልምምድ ነው።

ከሁሉ የከፋው ቀን ነው። የኤክስኤምኤል የቀን ዓይነት የተሠራው ለጎርጎርዮስ አቆጣጠር ብቻ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 እንደ 2015-13-03 ቢገባ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ተብሎ ይመለሳል፤ ጥቅምት 30 ቀን 2016ም እንደ 2016-02-30 ሲገባ ዕጣው ያው ነው። እነዚህ ስሕተታቸው ስለሚታይ ደጎች ናቸው። ጥር 12 ቀን 2016 ግን 2016-05-12 ሆኖ ያለ ምንም ተቃውሞ ያልፋል፤ ፕሮግራሙም በፈረንጆቹ 2016 አምስተኛ ወር ላይ የዋለ ቀን አድርጎ ይቆጥረዋል። በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ይህ ማለት የሰባት ዓመት ከስምንት ወር ልዩነት ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያው ቀን እንደተጻፈ በአንድ አትሪቢውት (በመክፈቻው መለያ ውስጥ በሚጻፍ ተጨማሪ መግለጫ)፣ ተሰልቶ የተገኘው የጎርጎርዮስ ቀን በሌላ አትሪቢውት ይቀመጣል፤ የቀን ዓይነት ፍተሻውም የሚደረገው በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው።