የቸርኬ «ኦፍሴት» ምንድን ነው?

የብረት ቸርኬን አስፍተው ለወጣ ገባ መንገድ ማዘጋጀት የሚፈልጉ ባለመኪናዎችን አብዝቶ የሚያደናግራቸው «ኦፍሴት» የሚባለው ልኬት ነው። ኦፍሴት ቸርኬው ሞዞ (በብሎን የሚታሰርበት የሚዞር ክፍል) ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት መካከለኛ መስመር ያለው ርቀት ሲሆን፣ የሚለካውም በሚሊሜትር ነው፤ ገጹ ከመስመሩ ወደ ውጭ (ከመኪናው ወደሚርቀው ጎን) ካለፈ ፖዘቲቭ (+)፣ ወደ ውስጥ ከገባ ኔጋቲቭ (−) ይባላል። በመሆኑም ኦፍሴቱ ወደ ኔጋቲቭ በሄደ መጠን ጎማው ከመኪናው አካል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ብዙ ሰው ግን የሚገምተው ተቃራኒውን ነው።

ለምሳሌ ኦፍሴቱ +10 የሆነ ባለ 6 ኢንች ቸርኬ በውጭ በኩል ብቻ ባለ 2 ኢንች ቀለበት ተበይዶበት 8 ኢንች ቢሆን፣ መካከለኛው መስመር የሚሸሸው በ1 ኢንች ስለሆነ ኦፍሴቱ በ50.8 ሳይሆን በ25.4 ሚሊሜትር ቀንሶ −15.4 ይሆናል። የቸርኬው ውስጠኛ ጠርዝ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሞዞውን ይዞ በሚያዞረው ኩሽኔታ ላይ የሚያርፈው ጫና ግን ይጨምራል።

ጎማው ቸርኬው ላይ እያለ፣ የተነፈሰም ቢሆን፣ ፈጽሞ መበየድ አይገባም፤ በሙቀቱ ጎማው ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ ፈንድቶ ሰው ሊገድል ይችላል። ብየዳው ራሱም ስንጥቅና የአየር ማፍሰሻ ቀዳዳ እንደሌለው፣ ቸርኬውም ሳይወላገድ እንደሚዞር በባለሙያ ሳይረጋገጥ መኪናው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም።